ጽዋው የበተነው ማኅበር

ጥያቄው ከኋላ ወንበር

የድሬዳዋን የከሰዓት ፈረቃ ያስተማረ ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ከመምህሩ ቀድሞ ክፍል ይገባል። የሚያንቀላፋ ተማሪ ለማንቃት እኔ የምተማመነው በተረት ነው። ባለፈው ሰሞን ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሳስተምር የንጉሥ አርተርንና የክብ ጠረጴዛውን ፈረሰኞች ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረክሁላቸው። ጨርሼ ጠመኔውን ሳስቀምጥ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«አቦ ቲቸር፣ ሰዎቹ ጽዋውን ፍለጋ ወጡ፤ አገኙት። ታዲያ ካገኙት በኋላ እንዴት ተበተኑ? መበተንማ ቢያጡት ነበር!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ መልስ ስላልነበረኝ አብሬ ሳቅሁ፤ ደወሉም አዳነኝ። ይህ ማብራሪያ ለዚያ ልጅ ያለብኝ ዕዳ ነው። መልሱን ስፈልግ ከብሪታንያ ጫካ ተነሥቼ ደንገጎን ወጣሁና ሐረር ገባሁ፤ ከሐረር ስመለስ ደግሞ ደጃችን ካለው ከሃርላ ፍርስራሽ ደረስሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረቱ ባጭሩ

አርተር በጥንት ብሪታንያ ነገሠ የሚባል ንጉሥ ነው። የታሪክ ሊቃውንት በእርግጥ ስለ መኖሩ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። ተረቱ ግን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በብዙ አገር ጸሐፊዎች እጅ እየተንከባለለ አደገ። ክሬቲየን ደ ትሯ የተባለ ፈረንሳዊ ባለቅኔ በ1180ዎቹ ግድም ፐርሲቫል ስለሚባል ወጣት መጻፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ፤ «ግሬይል» የተባለው ምሥጢራዊ ዕቃ በታሪኩ ውስጥ ብቅ ያለው በዚያ ነው። ከ1200 ግድም ጀምሮ ደግሞ ሌሎች ጸሐፊዎች ክርስቶስ በመጨረሻው እራት የተጠቀመበት ዕቃ አደረጉት። አንዱ ወጭት ይለዋል፣ ሌላው ጽዋ። በመጨረሻ ቶማስ ማሎሪ የተባለ እንግሊዛዊ ፈረሰኛ እስር ቤት ሆኖ ሁሉንም ባንድ አጠቃለለው፤ ዊልያም ካክስተንም በ1485 በማተሚያ ቤቱ አሳተመው።

በተረቱ መሠረት የአርተር ጠረጴዛ ክብ ነበር፤ ራስጌም ግርጌም የለውም። ማሎሪ እንደሚለው 150 ሰዎች ያስቀምጣል። አንድ ወንበር ግን ባዶ ነበር፤ ያልተገባው ሰው ቢቀመጥበት ይጠፋል። ጋላሃድ የተባለ ንጹሕ ወጣት መጥቶ ተቀመጠበት፤ ምንም አልሆነም። በዚያው በበዓለ ኀምሳ ዕለት ጽዋው በነጭ ሐር ተሸፍኖ በአዳራሹ መካከል አለፈ፤ ቤቱ በመዓዛ ተሞላ፣ እያንዳንዱም የሚወደውን ምግብ በፊቱ አገኘ። ከዚያ ተሰወረ። የንጉሡ የእኅት ልጅ ጋዌይን ብድግ ብሎ «ገልጬ ሳላየው አላርፍም» ብሎ ማለ። ሌሎቹም ተከትለው ማሉ። አርተር አለቀሰ። ይህ ማኅበር ዳግመኛ በሙሉ ቁጥሩ አንድ ማዕድ ላይ እንደማይቀመጥ ገብቶታል።

እንዳለውም ሆነ። ብዙዎቹ በየጫካው ሞቱ። ጽዋውን በግልጥ ለማየት የበቁት ሦስት ናቸው፦ ጋላሃድ፣ ፐርሲቫልና ቦርስ። ጋላሃድ በሩቅ አገር፣ በደስታ ብዛት ነፍሱ ወጣች። ፐርሲቫል መንኩሶ ሞተ። ወደ ጠረጴዛው የተመለሰው ቦርስ ብቻ ነው። የፈረሰኞቹ ሁሉ አውራ የነበረው ላንስሎት፣ የጋላሃድ አባት፣ እስከ በሩ ደርሶ ጨረሩን አየና ወደቀ፤ 24 ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ከንጉሡ ሚስት ከጉዊንቪር ጋር የያዘው ስውር ፍቅር ከደጁ መልሶታል።

ከዚህ በኋላ ያለው የውድቀቱ ታሪክ ነው። ላንስሎት ወደ ንግሥቲቱ ተመለሰ። የጋዌይን ወንድም አግራቬይንና ሞርድሬድ ነገሩን አወጡት። ላንስሎት ንግሥቲቱን ከእሳት ፍርድ ሲያስጥል በግርግር መካከል መሣሪያ ያልያዘውን ጋሬትን፣ የጋዌይንን ሌላ ወንድም፣ ሳያውቅ ገደለ። ጋዌይን ለደም ማለ። ንጉሡ ላንስሎትን ለመውጋት ባሕር ሲሻገር ሞርድሬድ ዙፋኑን ያዘ። በመጨረሻም ሁለቱ ጦሮች ለዕርቅ በተሰለፉበት ሜዳ አንድ እባብ የአንዱን ወታደር እግር ነደፈ። ወታደሩ እባቡን ሊመታ ሰይፉን መዘዘ። ሰይፉ ሲያብለጨልጭ ያየው ሁለቱም ወገን «ተከዳን» ብሎ ተላለቀ።

ሦስት ቃላት

ወደ ልጁ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ሦስት ቃላት እናጥራ።

የመጀመሪያው «ጨዋ» ነው። ዛሬ «ጨዋ ልጅ» ስንል የታረመ፣ አፉን የሚጠብቅ ማለታችን ነው። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ግን ጨዋ የንጉሥ ጦር ስም ነበር፤ በየጠረፉ ርስትና ጉልት እየተሰጠው የሚሰፍር ክፍለ ጦር። አጥኚዎች ቃሉን «ፄዋ» ከሚለው ግእዝ፣ ከምርኮ ጋር ያያይዙታል። የፈረንሳይኛው «ሸቫልዬ»ም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ መነሻው ፈረስ ላይ የሚቀመጥ ተዋጊ ነው፣ መድረሻው ግን ለሴት ተነሥቶ ወንበር የሚለቅ ሰው ሆነ። ሁለት አገር፣ አንድ ምኞት ነው፤ ጦር የያዘ ሰው ጠባይም እንዲይዝ።

ሁለተኛው «ትሩፋት» ነው። ሥሩ «ተረፈ» የሚለው ነው። ግዴታህን ከፈጸምህ በኋላ የምትጨምረው፣ ከሒሳቡ የሚተርፈው በጎ ሥራ ትሩፋት ይባላል።

ሦስተኛው ሙስሊም ተማሪዎቼ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት «ተቅዋ» ነው። በዐረብኛ ሥሩ መጠበቅ፣ መከላከል ነው፤ አላህን ፈርቶ ራስን ከጥፋት መጠበቅ። አንዱ ቃል መጨመርን ያሳያል፣ ሌላው መከልከልን። ለአንድ ማኅበር ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ታዲያ ጽዋው ለምን በተናቸው?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። በማሎሪ መጽሐፍ ፈረሰኞቹ በየዓመቱ በበዓለ ኀምሳ የሚያድሱት መሐላ ነበራቸው። ግፍ አለመሥራት፣ ከክዳት መራቅ፣ ምሕረት ለሚለምን ምሕረት መስጠት፣ ሴቶችን መርዳት፣ ለሀብት ብሎ በሐሰት ጠብ አለመሰለፍ። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ አንዱንም ብቻህን ሆነህ ልትፈጽመው አትችልም። ምሕረት ለማድረግ የሚለምንህ፣ ላለመካድ የሚያምንህ ሰው ያሻል። የጠረጴዛው ምግባር የባልንጀራ ምግባር ነበር።

ጽዋው ሌላ ሚዛን ይዞ መጣ። በ1220ዎቹ ግድም በፈረንሳይኛ የተጻፈው የጽዋ ፍለጋ ታሪክ የሲስተርሲያን መነኮሳት አስተሳሰብ የተጫነው ነው ይባላል። በዚያ መጽሐፍ ፈረሰኞቹ በቡድን መሄድን እንደ ነውር ቆጥረው እያንዳንዳቸው መንገድ በሌለበት፣ ጫካው በጠቆረበት በኩል ገቡ። የሚለካው ድንግልና፣ ንስሐና የልብ ንጽሕና ነው። እነዚህ ትልልቅ ነገሮች ናቸው፤ ማንም አይንቃቸውም። ነገር ግን ልኬቱ ለእያንዳንዱ ለብቻው ነው። የባልንጀራህ ንጽሕና አንተን አያስገባህም፤ የአንተም መውደቅ እርሱን አያስቀረውም።

ስለዚህ ለልጁ የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፦ ጽዋውን ያገኙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ማኅበሩ አላገኘውም። እንዲያውም ከዚያ የከፋ ነገር ሆነ። ራስጌና ግርጌ ያልነበረው ጠረጴዛ በጽዋው ሚዛን ላይ ራስጌና ግርጌ አወጣ። ከፍለጋው የተረፈው ሁሉ ተመልሶ ሲቀመጥ ማን በርቶለት፣ ማን ደጅ ላይ ወድቆ፣ ማን ጭራሽ ምንም ሳያይ እንደተመለሰ ይተዋወቃል። እኩልነታቸው የቆመው ባለመመዘናቸው ላይ ነበር።

ሁለተኛው መልስ ስለ ስውር ኃጢአት ነው። የላንስሎትን ነገር ብዙዎች ያውቁት ነበር፤ ዝም አሉ። ዝምታው ፍቅር ይሁን ፍርሃት ለመለየት አይቻልም። በመጨረሻ እውነቱን የተናገረው ግን ከሁሉም ይልቅ ምቀኝነት ያደረበት ሰው ነው። እውነት በወዳጅ አፍ ብትነገር ንስሐ ትሆን ነበር፤ በምቀኛ አፍ ተነገረችና ጦርነት ሆነች። ወዳጅን በጊዜ መገሠጽ ያልቻለ ማኅበር ፍርዱን ለጠላቱ ይተወዋል።

ተረቱ የላካቸው እውነተኛ ሰዎች

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ የሚመስለው ካለ ይስማኝ። ቮልፍራም ፎን ኤሸንባኽ የተባለ ጀርመናዊ ባለቅኔ ከ1200 በኋላ ባሉት ዓመታት የፐርሲቫልን ታሪክ በራሱ መንገድ ጻፈ። በእርሱ ድርሰት ፐርሲቫል ፌይሬፊዝ የተባለ የአባት ልጅ ወንድም አለው። ፌይሬፊዝ ከጥቁር ንግሥት የተወለደ፣ ቆዳው ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነ ኃያል ነው። በመጨረሻ ጽዋውን የምትሸከመዋን ሴት አግብቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ልጃቸውም ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ፣ ፕሬስተር ጆን ይባላል።

ፕሬስተር ጆን ደግሞ ከ1165 ግድም ጀምሮ በስሙ በተጻፈ የሐሰት ደብዳቤ አውሮፓን ሲያጓጓ የኖረ ምናባዊ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። መጀመሪያ በሕንድ ፈለጉት፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ «ኢትዮጵያ ውስጥ ነው» አሉ። በ1520 ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ የተባለው ቄስ ያለበት የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ደረሰ፤ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። አልቫሬሽ በ1540 የታተመውን መጽሐፉን «የፕሬስተር ጆን ምድር» ብሎ ሰየመው። በ1541 ደግሞ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ነፍጠኞች ይዞ በምጽዋ በኩል ገባ። ለመምጣቱ የፖለቲካ ምክንያት ነበረው፤ ከኋላው ግን ከ300 ዓመት በላይ የተተረከ ተረት ይገፋው ነበር።

ዳ ጋማ የገጠመውም ሠራዊት የራሱ የተመረጠ ማኅበር ነበረው።

መላሳይ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ደንገጎን የወጣ መንገደኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ሐረር ይገባል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአዳል መንግሥት መዲና ወደ ሐረር ዞረ። የዚያን ዘመን ታሪክ በቅርብ ያቆየልን «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ ነው፤ ጸሐፊው ዓረብ ፈቂህ በመባል ይታወቃል።

መጽሐፉ ጋራድ አቡን የተባለ ገዥን በፍትሕ አመስግኖ፣ ሱልጣን አቡበክር እንዳስገደለው ይነግረናል። ከጋራድ አቡን ተከታዮች አንዱ አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የተባለ ወጣት ነበር፤ በብዙ ሰው አፍ ግራኝ አሕመድ። ከግድያው በኋላ አሕመድ ጥቂት ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ሁባት ሸሸ። ያ ጥቂት ቡድን እየሰፋ ሄደ፤ አቡበክር ተገደለ፣ በምትኩ ዑመር ዲን ሱልጣን ሆነ፣ አሕመድም ኢማም ተባለ። በኢማሙ ዙሪያ የሚቆሙት የተመረጡት ተዋጊዎች መላሳይ ይባሉ ነበር። በ1529 ከአፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር በተደረገው በሽምብራ ኩሬ ውጊያም ከኢማሙ ጋር በመሐል የቆሙት እነርሱ ናቸው።

መላሳዮችን ከክብ ጠረጴዛው ጋር የሚያመሳስላቸው ፈረሱና ጀግንነቱ ብቻ አይደለም። በእነርሱም ዘንድ ጥያቄው «ምን እናግኝ?» ሳይሆን «ያገኘነውን እንዴት እንካፈል?» ነበር። ኢማሙ ዘካውን ቁርኣን በአት-ተውባ ምዕራፍ ለዘረዘራቸው ስምንት ወገኖች፣ ለድሆች፣ ለችግረኞች፣ ባለዕዳ ለሆኑና ለሌሎቹም እንዲከፋፈል ፈለገ። ከሱልጣን ዑመር ዲን ጋር ካጋጩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሹማምንቱ ገንዘቡን እንደ ልማዳቸው ለራሳቸውና ለባለሟሎቻቸው ማድረግ ይሹ ነበርና። ከሽምብራ ኩሬ ድል በኋላም ሠራዊቱ ምርኮውን ይዞ ወደ አገሩ መመለስን መረጠ፤ አባቶቻችን ዘምተው ይመለሱ ነበር እንጂ በሰው አገር አይሰነብቱም የሚል ክርክር ተነሣ። ትልቁ ዘመቻ እስከ 1531 ዘገየ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በክፍሌ ውስጥ ከከዚራ ሰፈርም ከመጋላ ሰፈርም የመጡ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ በቤቱ የሰማው ስለ ኢማሙ ጀግንነት ነው፤ ሌላው የሰማው ስለ ተቃጠሉ ገዳማት። ሁለቱም የሰሙት እውነት ነው። ጦርነቱ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሏል፣ የሰው ነፍስ ፈጅቷል፣ ሁለቱንም ወገን አድቅቋል። የመላሳዮችን ወንድማማችነት መመርመር ጦርነቱን ማሞገስ አይደለም፤ የሰዎች ኅብረት በምን እንደሚጸና፣ በምን እንደሚላላ ለማየት ነው።

ወይና ደጋ

በነሐሴ 1542 በወፍላ ኢማሙ ከየመን ባስመጣቸው የቱርክ ነፍጠኞች እየታገዘ የፖርቱጋሎቹን ጦር ሰበረ። ዳ ጋማ ተማረከና ተገደለ። ተረቱ የላከው ፈረሰኛ በዚህ አበቃ። ኢማሙም ነገሩ ያለቀ መስሎት አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናበተ፤ 200 ያህሉ ብቻ ቀሩ።

ከሞት የተረፉት ፖርቱጋሎች ግን አልተበተኑም። ከአፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ቆይተው ከልጇ ከወጣቱ ንጉሥ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተቀላቀሉ። የካቲት 1543 በወይና ደጋ ኢማሙ በጥይት ወደቀ። የእርሱ መውደቅ ሲታይ ያ ሁሉ ሠራዊት እየተበታተነ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሁለቱን አነጻጽሩ። አለቃው የሞተበት የፖርቱጋሎች ቡድን ሳይበተን ሲቀር፣ እጅግ የሚበዛው የኢማሙ ሠራዊት አለቃው በወደቀበት ቀን ፈረሰ። የመጀመሪያዎቹ በሰው አገር ናቸው፤ መሄጃ የላቸውም፤ እርስ በርስ ከመያያዝ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። የኢማሙን ጦር ያያዘው ደግሞ የአንድ ሰው ክንድ ነበር። መሐላው ከሰውዬው ወደ ባልንጀራ ካልተሸጋገረ ሰውዬው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። የአርተርም ማኅበር እንዲሁ ነው፤ ንጉሡ ሲሞት ጠረጴዛውን ማንም አልወረሰውም።

ሁለት እናቶች

ተረት አብዛኛውን ጊዜ ከውጊያው ጋር ያበቃል። ታሪክ ግን ይቀጥላል፤ ከሜዳው በኋላ ያለው ደግሞ ሴቶቹን ወደ ፊት ያመጣል።

የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ ከወይና ደጋ አምልጣ ሐረር ገባች። ልጇ መሐመድ ግን በክርስቲያኖቹ እጅ ቀረ። በሌላ በኩል የሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ከዚያ ቀደም ብሎ ተማርኮ ነበር። ሁለቱ እናቶች በመልእክተኛ ተነጋግረው ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ሚናስ ኋላ ነገሠ። በመሐላ የታሰሩ ወንዶች ያልቻሉትን፣ ባሎቻቸው በጦርነት የተፋለሙ ሁለት ሴቶች በቃል መተማመን ፈጸሙት። ምሕረት ለሚለምን ምሕረት የሚለው የክብ ጠረጴዛው መሐላ በዚህ ቀን በእርግጥ ተፈጽሟል ብል አልሳሳትም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ድል ወንበራ ግን የባሏን ደም አልረሳችም። የኢማሙን የእኅት ልጅ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ ኑርም በ1559 ገላውዴዎስን በውጊያ ገደለ። የጋዌይን የደም ቂም ወደ ሐረር መጣ ማለት ነው። ዛሬ ጀጎል የምንለው የሐረር ግንብ የኑር ሥራ ነው ይባላል፤ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኑር ግንቡን ከጠላት ሊከላከልበት ሠራው፤ ረኀብና ወረርሽኝ ግን በሩን አንኳኩተው አይገቡም። በ1560ዎቹ መጨረሻ እርሱ ራሱ በወረርሽኝ ሞተ።

ሃርላ፦ አፈ ታሪክና ዶማ

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሃርላ የሚባል ቦታ አለ። በአካባቢው ሲነገር የኖረው አፈ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ሃርላዎች ግዙፋን ነበሩ፣ ትልልቆቹን ድንጋዮች ያቆሙት እነርሱ ናቸው፣ ሀብታቸው ተቆጥሮ አያልቅም። ከጥጋብ ብዛት ኰሩ፤ ጾምን ናቁ። ስለዚህ ፈጣሪ ድርቅና ረኀብ አወረደባቸው፤ ጠፉ።

ይህን ተረት ከአርተር ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት መዋቅሩ አንድ ነው። ክብር፣ ከዚያ የልብ ጥፋት፣ ከዚያ ውድቀት። የእኛው ተረት የመንፈስ ምግባርን ያያዘው ከጾም፣ ከመታቀብ፣ ከተቅዋ ጋር ነው።

ከ2015 ጀምሮ ግን ዶማ ተጨመረበት። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራው ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ቦታውን ቆፈረ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኘ። ከየመን፣ ከቻይና፣ ከማልዲቭስና ከማዳጋስካር የመጡ ዕቃዎች፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ የከበረ ድንጋይና ጌጥ የሚሠራበት ቦታ ተገኘ። በመቃብሩ ያረፉት ሰዎች ቁመት ግን እንደ እኔና እናንተ ነው። ግዙፋን አልነበሩም። ዶቃ ሠሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሰጋጆች ነበሩ።

ታዲያ ተረቱ ውሸት ነው? ቸኩላችሁ አትፍረዱ። ተረቱ ያየው ትልቅነት እውነተኛ ነበር፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ጋር የሚነግድ ከተማ በእርግጥ ትልቅ ነው። የጠፋውም ነገር እውነተኛ ነው። ተረቱ የጨመረው የጥፋቱን ምክንያት ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የወደቀ ሁሉ ኃጢአተኛ ነበር ማለት የቆመ ሰው ምቾት ነው። ድርቅ የመጣበትን ገበሬ፣ ወረርሽኝ የገባበትን ከተማ «ኰርተው ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ማሎሪም እንግሊዛውያን መኳንንት ለዙፋን እርስ በርስ በሚተራረዱበት ዘመን ነው የአርተርን ውድቀት የጻፈው፤ ስለ ጥንት ንጉሥ እያወራ የሚያሳስበው የራሱ ዘመን ነበር።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ደንብ ይህ ነው፦ የውድቀት ተረት ስትሰሙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ሰዎቹ ምን አጠፉ? ተረኪውስ ምን ፈርቷል?

የእኛ ጽዋ

ጽዋ የሚለው ቃል በእኛ አገር የጠፋ ዕቃ ስም አይደለም። የጽዋ ማኅበር ያለው ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የማኅበሩ አባላት በወር አንድ ጊዜ በቅዱሱ ቀን ይሰበሰባሉ፤ ካህን ይባርካል፤ ጠላው፣ ዳቦው ይቀርባል። የሚያስተናብረው ሰው «ሙሴ» ይባላል። ማዕዱ ሲያበቃ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የተጣሉ አባላት ካሉ ሳይታረቁ አብሮ መቅመስ ነውር ነው። ወደ ሐረር ስንወጣ ደግሞ አፎቻ አለ፤ ሠርግና ሐዘን ሲመጣ አንዱ ቤት የሌላውን ሸክም የሚካፈልበት ማኅበር።

ልዩነቱን ተመልከቱ። የአርተር ሰዎች ጽዋውን ፍለጋ ከቤት ወጡ፤ እኛ ጋ ጽዋው ራሱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በዚያ የተገባው አንድ ሰው ገልጦ ያየዋል፤ በዚህ ድሃውም ሀብታሙም በተራው ይሸከመዋል። በዚያ ጠብ ያለበት ሰው ከደጅ ይቀራል፤ በዚህ ጠብ ያለበት ሰው ታርቆ እንዲገባ ሽማግሌ ይላክበታል። ትሩፋቱ የአንድ ሰው መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ተራ በተራ ይታደላል።

እርግጥ የእኛም ማኅበር ይፈርሳል። ተረኛው ድግሱን ለመታያ ሲያደርገው፣ ማኅበሩ ከባለጠጋ ቤት ሌላ መሄድ ሲያፍር፣ የታወቀ ጥፋት በሹክሹክታ ብቻ ሲነገር፣ ያን ጊዜ ጽዋው ቢዞርም ማኅበሩ ቆሟል። እባቡን ለመምታት የተመዘዘ ሰይፍ ጦርነት የሚሆነው ሰዎቹ አስቀድመው መተማመን ሲያቆሙ ነው።

ለውይይት

1. ላንስሎትን የሚወድ አንድ ፈረሰኛ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? መቼ?

2. ዘካን ወይም ምጽዋትን በሥርዓት ማከፋፈል ለምን ጠላት ያፈራል? ከእናንተ ሰፈር ምሳሌ ፈልጉ።

3. ከወይና ደጋ በኋላ የልጆቹን መለዋወጥ ማን ጀመረው ይመስላችኋል? ከሁለቱ እናቶች አንዷን ሆናችሁ ለሌላዋ ደብዳቤ ጻፉ።

4. ከቤተሰባችሁ ሽማግሌ ስለ ሃርላ የሰማችሁትን ጻፉ፤ ከዚያ ዶማ ያረጋገጠውንና ያላረጋገጠውን ለዩ።

አምስተኛውን ጥያቄ የጻፍሁት እኔ አይደለሁም። ይህን ማብራሪያ በክፍል ካነበብሁላቸው በኋላ ያ የኋላ ወንበር ልጅ እንደገና እጁን አወጣ። «ገባኝ ቲቸር» አለ። «ግን ጋላሃድ እዚያ ከሚሞት፣ ጽዋውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ቢመለስስ?» በዚህ ጊዜ ደወሉ አልተደወለም። ሰሌዳው ላይ 5 ቁጥር ጻፍሁና ጠመኔውን ለእርሱ ሰጠሁት።